አንድ ቃል የቀራቸው መምህር

መምህር እንድሪስን ቀብረው የተመለሱት ወንዶች ድንኳኑ ውስጥ ሲገቡ በሁሉም አፍ ላይ የነበረው ነገር አንድ ነው። «አልሐምዱሊላህ፣ እንኳን የልጃቸውን ሞት ሳይሰሙ ሄዱ!» ሴቶቹ ተቀብለው ይሉታል። ከደልጊ የመጡት ዘመዶቻቸው ይሉታል። አብረዋቸው ያስተማሩት ሰዎች ይሉታል። ከእኔ ጋር የመጡት የሰፈራችን ክርስቲያኖችም «እግዜር ደግ ነው፣ ሳያሰማ ወሰዳቸው» ይላሉ። እኔ ጥግ ይዤ ጥርሴን ነክሼ ተቀመጥሁ። ተነስቼ «እባካችሁ ዝም በሉ!» ብዬ መጮህ ያምረኝ ነበር። ግን ለቅሶ ቤት ነው፣ እኔም ጎረቤት እንጂ ዘመድ አይደለሁም።

ለማያውቋቸው ልናገር። መምህር እንድሪስ የቋንቋ መምህር ነበሩ። የተወለዱት ከሐይቁ ማዶ፣ ደልጊ አጠገብ፣ ታንኳ ከሚሠራና አሳ ከሚያጠምድ ቤት ነው። እኔን መጀመሪያ አስተማሩኝ፤ ቀጥሎ አብሬያቸው ማስተማር ጀመርሁ፤ በመጨረሻም እዚህ ባሕር ዳር አጥር ለአጥር ጎረቤት ሆንን። ረጅም፣ ቀጭን፣ ነጭ ኮፍያቸው ከራሳቸው የማይወርድ ሰው ነበሩ። ከመናገራቸው በፊት አውራ ጣታቸውንና ሌባ ጣታቸውን ያሻሹ ነበር፤ ገበያ ላይ ጨርቅ ዳስሶ የሚገዛ ሰው እንደሚያደርገው። ቃሉን በእጃቸው ዳስሰው ካላመኑበት አይናገሩም። ሚስታቸው እትዬ ዘይነብ ደግሞ ሳቂታ፣ ተጫዋች፣ ወሬ የማያልቅባት ሴት ናት። እሷን «አንቺ» ነው የምላት፤ «እርስዎ ካልሽኝ አረጀሁ ማለት ነው» ብላ ገና በጎረቤትነታችን መጀመሪያ ከልክላኛለች። ያላቸው ልጅ ከማል ብቻ ነበር። መተማ ሱቅ ከፍቶ ይነግዳል።

የመጀመሪያ ፈተናቸውን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ጥያቄው አንድ ብቻ ነበር። «አንዲት ሴት ጎረቤቷ በር ላይ ቆማ ‹እሳት አለሽ?› አለቻት። ምን ማለቷ ነው?» እኔ ጎበዝ ነኝ ባይ፣ ወረቀቱን ከዳር እስከ ዳር ሞላሁት። ሲመለስልኝ ዜሮ! እየተንጨረጨርሁ ቢሯቸው ገባሁ።

«መምህር፣ ምኑ ላይ ነው የተሳሳትሁት?»

«ሰዓቱ ስንት ነበር?» አሉኝ።

«የምኑ ሰዓት?»

«ሴትዮዋ ስትመጣ ነዋ። ጧት ነው? ማታ ነው? ተኳርፈው ያውቃሉ ወይ? ምድጃዋ ጠፍቶባት ነው የመጣች፣ ወይስ ቤቱ ውስጥ ማን እንዳለ ልታይ?»

«ይኼ ሁሉ ጥያቄው ላይ የለማ!»

«የለማ! ታዲያ ሳትጠይቂ እንዴት መለስሽ?»

ከክፍሉ ሙሉ ያገኘው አንድ ልጅ ብቻ ነበር። እሱም «ሴትዮዋን ሳላውቃት ምን ልበል?» ብሎ ጽፎ የወጣ የለየለት ሰነፍ ነው። እንዲህ ያለ ግፍ አይቼ አላውቅም ብዬ ስንት ጊዜ አኮረፍኋቸው። እሳቸው ግን ባገኙኝ ቁጥር «ሰዓቱን አወቅሽው?» እያሉ ይስቁብኛል። ከዚያ በኋላ ያስተማሩን ሁሉ የዚያ ፈተና ማብራሪያ ነበር ማለት ይቻላል። «ሰው የሚለውን አትስሙ» ይሉን ነበር፤ «ለማን፣ የት ቆሞ፣ ምን ፈርቶ እንደሚለው ስሙ።» መዝገበ ቃላት ደረታችን ላይ አቅፈን ስንመጣ ካዩን ደግሞ «ኧረ ይኼን መቃብር አስቀምጡት! የሟች ስም ተጽፎበታል፣ ሰውየው ግን የለም» ይላሉ።

አንድ ቀን ክፍሉን ሁሉ ይዘውን ሐይቁ ዳር ወረዱ። ቄጠማው መሐል ባለችው ቀጭን መንገድ አሰልፈው ያስኬዱን ጀመር። ጭቃው ጫማችንን እየሳበ እኛ እናጉረመርማለን።

«ትርንጎ፣ በፊትሽ ያለው ማን ነው?»

«ይኼ ረጅሙ ልጅ ነው፣ ሐይቁን የጋረደኝ።»

«ቀድሞሽ የሄደው ነው በፊትሽ ያለው። ለዚህ ነው ያለፈውን ‹በፊት› የምንል። አንቺ ደግሞ ወዴት ነው የምትሄጂ?»

«ወደ ፊት።»

«ለዚህ ነው ገና የሚመጣውን ‹ወደ ፊት› የምንል። ሁለቱም የተወለዱት ከእግራችሁ ነው። እግር የሌለው ፍጡር ቢናገር ኖሮ ነገን በሌላ ስም ይጠራው ነበር።» ከዚያ ቆም ብለው ጣታቸውን አሻሹና «ምስጢር ሆዳችን ውስጥ፣ ርኅራኄ አንጀታችን ውስጥ ነው። ማን አስቀመጠው? የሰው ልጅ ሌላ መለኪያ ስለሌለው በገላው ነው ዓለምን የሚለካ» አሉን። እኔ ያን ቀን ያሰብሁት ስለ ጫማዬ ነበር። አሁን ሳስበው ግን ከዚያች መንገድ የበለጠ ትምህርት ቤት አልገባሁም።

እንዲህ ያሉትን ሰው ነው እንግዲህ በሽታ አፋቸው ላይ የመጣባቸው። አንድ ጧት ለሶላት ውዱእ ሲታጠቡ ወደቁ። ቀኝ እጃቸውና ቀኝ እግራቸው አልታዘዝ አለ፤ አንደበታቸውም ተያዘ። ሐኪሙ አንጎላቸው ውስጥ ደም መፍሰሱን፣ የተጎዳውም የንግግሩ ቦታ መሆኑን ነገረን። የሚባለውን ይሰማሉ፣ ሰውን ያውቃሉ፣ ይስቃሉ፣ ይቆጣሉ። ከዚያ ሁሉ ቃላቸው የተረፈቻቸው ግን አንዲት ብቻ ናት፤ «እንግዲህ»።

ውሃ ሲጠማቸው «እንግዲህ»። እንግዳ ሲገባ «እንግዲህ»። ወሬው ሲሰለቻቸው፣ መስኮቱ እንዲከፈት ሲፈልጉ፣ ሲያመሰግኑ፣ ሲሳደቡ «እንግዲህ»። እኔ የቋንቋ መምህር ነኝ ብዬ አንገቴን አቅንቼ የምሄድ ሴት፣ አልጋቸው አጠገብ ተቀምጬ ስገምት ስገምት ላብ ያጠምቀኛል። እትዬ ዘይነብ ግን ማድቤት ሆና አንዴ ብቅ ትልና ጋቢ ታለብሳቸዋለች፣ ወይም ትራሱን ታገላብጣለች፣ እሳቸውም ዝም ይላሉ።

«እንዴት ነው የምትለዪው?» አልኋት።

«ምኑን?»

«ቃሉን። ሁልጊዜ አንድ ነው እኮ የሚሉት።»

«ኧረ እኔ መች ቃሉን ሰምቼው አውቃለሁ! ዓይኑን ነው የማየው።»

መምህር ይኼን ሰምተው በደህናው በኩል ባለው ከንፈራቸው ሳቁ፤ ወደ እኔም ተመለከቱ። ሰዓቱን አወቅሽው? የሚለው የድሮው ዓይናቸው ነበር።

ጠያቂው ግን አቃጠለኝ። ግማሹ «መምህር! እንዴት ነዎት! ይሰሙኛል?» እያለ ጆሯቸው ሥር ይጮሃል። ግማሹ ደግሞ እዚያው አጠገባቸው ተቀምጦ «አይ የሰው ነገር፣ ያ ሁሉ ዕውቀት እንዲህ ሆኖ ይቅር?» እያለ ከንፈሩን ይመጥጣል። «ሰውየው እኮ እዚሁ አሉ!» ብዬ ስንቱን ተቆጣሁ። መናገር ያቃተው ሰው ማሰብም ያቃተው ይመስላቸዋል። ነገሩን ሁሉ ያበላሸው ይኼ ሐሳብ ነው።

ከማል የመተማ መንገድ ተዘግቶበት መምጣት ስላልቻለ፣ ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ ሶላት መልስ ይደውል ነበር። እትዬ ዘይነብ ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጋ ትራሳቸው ላይ ታስቀምጠዋለች። ልጁ የመተማን ሙቀት፣ የደንበኛውን ጭቅጭቅ፣ የበላውን ሳይቀር ያወራል። አባት «እንግዲህ» ይላሉ፤ ከማል «እሺ አባዬ፣ እጠነቀቃለሁ» ይላል። «እንግዲህ!» ይላሉ ድምፃቸው ወፍሮ፤ «እሺ አባዬ፣ መንገዱ እንደተከፈተ እመጣለሁ» ይላል። ጎረቤት ሆኜ ይኼን ጨዋታ በአጥር እሰማው ነበር። ቤቱ ሳምንቱን ሙሉ የሚበላው ያችን የዓርብ ወሬ ነው።

መንገዱ ተከፈተ ሲባል ከማል ወደ አባቱ መጓዝ ጀመረ። የተሳፈረበት መኪና ተገለበጠ። መንገዱ መልሶ ስለተዘጋ አስከሬኑን ማምጣት አልተቻለም፤ መልሰው መተማ ወስደው ቀበሩት።

መርዶው የመጣው ለሐጂ ኑሩ ነው። ሐጂ ኑሩ የመምህር እንድሪስ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ቤታቸው ከእኛ ሰፈር ትንሽ ራቅ ይላል። እኛ አገር ሞት ለቤተሰብ በስልክ አይነገርም፤ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ ቤቱ ድረስ ሄዶ ነው የሚያረዳ። ሐጂ ኑሩ ግን ሽማግሌውን ወደ ታማሚው ቤት መውሰድ ፈሩ። በማግስቱ ገና በማለዳው እትዬ ዘይነብን «ለሥራ ትፈለጊያለሽ» ብለው ወደ ራሳቸው ቤት አስጠሯት። እኔም አብሬያት ሄድሁ። በሩ ላይ ደርሳ ሽማግሌዎቹ በዚያ ሰዓት ተደርድረው ስታይ፣ ማንም አፉን ሳይከፍት፣ «ልጄን!» ብላ ወደቀች።

ሰዉ ሲረጋጋ ሐጂ ኑሩ ቆመው ተናገሩ። «ሐኪሙ ድንጋጤ እንዳይነካው ብሏል። ወንድሜ እስኪጠና ድረስ ይኼ ነገር ከዚህ ቤት አይወጣም። ለቅሶው እዚህ ይሆናል። የነገረው ሰው እንደገደለው ይቁጠረው።» ሁላችንም እሺ አልን። እኔም እሺ አልሁ፤ በዚያ ሰዓት ሌላ የሚታሰብ ነገር አልነበረም።

ከዚያ የመጣውን ኑሮ ምን ብዬ እንደምጠራው አላውቅም። እትዬ ዘይነብ «ገበያ ደርሼ ልምጣ» ብላ ከባሏ አጠገብ ትነሳለች። የእኔ ጓሮ ገብታ ባለ ቀለሙን ሻሽ ታወልቅና ጥቁሩን ታስራለች። ሐጂ ኑሩ ቤት ሄዳ ከሴቶቹ ጋር ስታለቅስ ትውላለች። ስትመለስ በእኔ ቧንቧ ፊቷን ትታጠባለች፣ ባለ ቀለሙን መልሳ ታስራለች፣ አጥሩ በር ላይ ቆማ ትንፋሿን ትሰበስባለች፤ ከዚያ «ዛሬ ደግሞ ቲማቲም እንዴት ተወዷል!» እያለች ትገባለች። ያን የምትለው ባዶ እጇን ነው።

የመጀመሪያው ዓርብ ደረሰ። መምህር ስልኩን በዓይናቸው ፈለጉት። ሐጂ ኑሩ አጠገባቸው ተቀምጠው ነበር። «ኔትወርኩ ጠፍቷል፣ ከተማው ሁሉ እንደተዘጋ ነው» አሏቸው። ውሸቱ እንኳን አያስታውቅም ነበር፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ሲመጣ የኖርንበት ነገር ነው። ወዲያው የሐጂ ኑሩ የገዛ ስልካቸው ኪሳቸው ውስጥ ጮኸ። ማናችንም አልተንቀሳቀስንም። ጮሆ ጮሆ ዝም አለ። መምህር ኪሱን አዩት። ቀጥለው የወንድማቸውን ፊት፣ የእኔን፣ ጣሪያ ጣሪያ የምታየውን የሚስታቸውን ፊት አዩ። ቀስ ብለው «እንግዲህ» አሉና ዓይናቸውን ከደኑ።

በዚያው ሳምንት የደልጊ ዘመዶቻቸው በጀልባ ሞልተው ለቅሶ መጡ። መምህርንም ሳያዩ መመለስ ነውር ስለሆነ «ልንጠይቅህ ነው» ብለው ገቡ። እሳቸው የታመሙ ጊዜ ሁለት ሦስት ሆነው እየተፈራረቁ የመጡ ሰዎች፣ አሁን ሽማግሌና ባልቴት ሳይቀር በአንድ ጊዜ ቤቱን ሞሉት። እጃቸውን ይዘው አለቅ አሉ። ስለ አሳው፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ከብቱ አወሩ፤ ስለ ከማል አንድም ሰው አላነሳም። መምህር ሁሉንም በየተራ ሲያዩ ዋሉ።

በሁለተኛው ዓርብ ከሰዓቱ ቀደም ብዬ ገብቼ ነበር። እትዬ ዘይነብ የኔትወርኩን ወሬ እንደገና ልትጀምር ጉሮሮዋን ስትጠርግ፣ መምህር በግራ እጃቸው ስልኩን ከትራሱ አጠገብ አንስተው ፍራሹ ሥር ከተቱት። ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞሩ። እትዬ ዘይነብ መዋሸቱ ስለቀረላት «ደክሞታል መሰለኝ» ብላ ወደ ማድቤት ሄደች። እኔ ግን ነጠላዬን ደርቤ ተነሳሁ።

በቀጥታ ሐጂ ኑሩ ዘንድ ሄድሁ።

«ሐጂ፣ ያውቃሉ» አልኋቸው።

«ማን ነው የሚያውቅ?»

«መምህር። የከማልን ነገር ያውቃሉ።»

«ማን ነገረው?» ከተቀመጡበት ተነሱ።

«ሁላችንም! የደልጊ ሰው እንዲያ ሞልቶ መጥቶ የልጁን ስም ሳያነሳ ሲመለስ ከዚህ በላይ ምን ይነገር? ዕድሜያቸውን ሙሉ ዝምታ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው እኮ ናቸው!»

«ቢያውቅ ያለቅስ ነበር።»

«ማን ፊት ያልቅሱ?»

ሐጂ ኑሩ ቁጣቸው በረደ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ስሚ ልጄ፣ አንቺ መምህርሽን ነው የምታውቂ፣ እኔ ወንድሜን ነው የማውቅ። እናታችን የሞተች ጊዜ እህል እንቢ ብሎ ከሞት አፍ ነው የመለስነው። ያኔ ጎረምሳ ነበር። አሁን ያ ገላ የለውም። ነግረሽው አንድ ነገር ቢሆን ዘይነብን ምን ትያታለሽ? ልጇን ባጣች ማግስት ባሏን ልትወስጂባት ነው?»

ተሰናብቻቸው ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ አንድ ከሰዓት እትዬ ዘይነብ እንደ ልማዷ ሻሿን ቀይራ ስትሄድ «እሱን እይልኝ» አለችኝ። ስገባ መምህር ወደ ግድግዳው ዞረዋል። ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል፤ ድምፅ ግን የለም። ብርድ የያዛቸው መስሎኝ ቀረብ ብዬ «መምህር» አልሁ። ዘወር አሉ። ፊታቸው በእንባ ርሷል። በግራ መዳፋቸው አንዱን ጉንጫቸውን ጠረጉ፣ ከዚያ ሌላውን፣ ከዚያ ጆሯቸው ሥር የወረደውን። ልረዳቸው እጄን ስዘረጋ ራሳቸውን ነቅንቀው ከለከሉኝ።

«ያውቃሉ» አልሁ።

በሩ ጀርባ የተንጠለጠለውን የእትዬ ዘይነብን የቤት ቀሚስ አመለከቱኝ። ከዚያ ያንኑ እርጥብ መዳፍ አፋቸው ላይ ጫኑት።

«ለእሷ እንዳልነግር ነው?»

«እንግዲህ።»

ተናደድሁ። በታማሚ ላይ ይናደዳሉ? ተናደድሁ። «ለምን? ለምን አብራችሁ አታለቅሱም? እሷ እዚያ፣ እርስዎ እዚህ፣ ምን ዓይነት ኑሮ ነው ይኼ?» መምህር ዓይናቸውን ከዓይኔ ሳይነቅሉ ብዙ ቆዩ። የእሷን ያህል ዓይናቸውን ማንበብ አልችልም፤ ያን ቀን ግን ገባኝ። እትዬ ዘይነብ ጧት ከአልጋዋ የምትነሳው፣ እህል የምትቀምሰው፣ የምትስቀው፣ «እሱ እንዳይሰማ» ብላ ነው። ባሏን የምታድን መስሏት ነው የቆመችው። ይኼን ከወሰዱባት የምትይዘው ነገር የለም። ስለዚህ እሳቸው ያልሰማ ሰው ሆኑላት። እኔም እንዳልነግራት ማልሁላቸው። ስወጣ ጓሮዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ አለቀስሁ፤ እኔም ብቻዬን።

ክረምቱ ሲገባ በሽታው እንደገና መታቸው። ረፋዱ ላይ ሞቱ፣ በዚያው ቀን የከሰዓቱ የዐስር ሶላት እንደተሰገደ ተቀበሩ።

ለቅሶው ከተበተነ በኋላ እትዬ ዘይነብ ወደ እኔ ግቢ መጣች። አሁን የምትቀይረው ሻሽ የለም። ደጃፌ ላይ ተቀመጠች፤ እኔም አጠገቧ ተቀመጥሁ።

«ሰዉ ሁሉ እንኳን ሳይሰማ ሄደ ይለኛል» አለች።

«አዎ» አልሁ።

«እኔም ስል ነበር። ይኼ ነው ያጽናናኝ።» የሻሿን ጫፍ በጣቷ ጠቀለለች። «ትርንጎ፣ ልጄ በሕይወት እያለ፣ ከማል እንዲህ አለ ስለው ‹ከዚያስ?› የሚል ዓይን ነበረው። ወሬው አያጠግበውም ነበር። ከሞተ ወዲህስ ስንቱን ፈጠርሁለት! በሰው ሰላም ብሎሃል አልሁት፣ ሱቁን አሳደሰ አልሁት። ሚስት ሊያገባ ነው እንኳ አልሁት። ‹ማንን?› የሚል ዓይን አላሳየኝም። አባት እኮ ነው፤ ማንን ሊያገባ ነው አይልም?»

«ኧረ ሕመሙ ነው» ልላት አፌን ከፈትሁ። እሷ ግን ፊቴን አየችው።

«ያውቅ ነበር» አለች።

ዓይኔን ከእሷ ላይ አነሳሁ።

«ሲያለቅስ አይተሽዋል?»

«አዎ።»

«እኔስ የት ነበርሁ?»

«አንቺም ልታለቅሺ ሄደሽ ነበር።»

እትዬ ዘይነብ ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ አደረገች።

«እንባውን ማን ጠረገለት?»

«ራሳቸው» አልኋት፤ «በግራ እጃቸው።»